ከብየዳ በፊት፦ ስለ አነስተኛ የጊታር አምፕሊፋየር ቃና



ተማሪ ሳለሁ ከጓደኛዬ የተዋስሁትን አነስተኛ ባለ ትራንዚስተር የጊታር አምፕሊፋየር፣ ቃናውን አሻሽላለሁ ብዬ አቃጠልሁት። የዛሬው ንግግሬ መነሻ ያ ስሕተት ነው።

በመጀመሪያ፣ 0.6 ቮልት ገደማ ላይ ሞገዱን የሚቆርጡትን የሲሊከን ዳዮዶች 1.8 ቮልት ገደማ በሚፈልጉ ቀይ ኤልኢዲዎች ተካሁ። ሞገዱ ዘግይቶ ስለሚቆረጥ፣ በዝግታ የተመታ ክር ጠርቶ ተሰማ። የታፈነው ቃና ግን አልተለወጠም፤ ምንጩ ትንሹ ስፒከር ነበርና። ስለዚህ ባለ 8 ኦሙን አውጥቼ ተለቅ ያለ ባለ 4 ኦም ስፒከር አገናኘሁ። ቃናው ሰፋ፤ ደስታዬ ግን ከአንድ ዘፈን አላለፈም። ቮልቴጁ ሳይለወጥ ኦሙ በግማሽ ሲቀንስ የሚፈስሰው ኤሌክትሪክ እጥፍ ይሆናል። የመውጫው ትራንዚስተሮች የተከተለውን ሙቀት አልቻሉትም።

ትክክለኛው መንገድ ቀላል ነበር። ኦሙ ያው 8 ሆኖ የድምፅ ምላሹ በ3 ዴሲቤል የሚበልጥ ስፒከር ማስገባት፣ ለድምፁ ጉልበት የአምፕሊፋየሩን ኃይል እጥፍ የማድረግ ያህል ነው።

ትራንዚስተሮቹን ለውጬ፣ ይህንኑ ስፒከር ገጥሜ ለጓደኛዬ መለስሁለት። እናንተም የብየዳ ብረት ከማንሣታችሁ በፊት ከስፒከሩ ጀርባ የተጻፈውን ቁጥር አንብቡ። ጆሮ የወደደውን ሁሉ ትራንዚስተር አይሸከመውም።