የፍጥነት ዳግም ርቢ፦ ኩዋድራቲክ እኩልዮሽን ለጀማሪዎች ስለ ማስተማር

(ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር)



ለገሃር ስሙን ያገኘው «ጣቢያ» ከሚለው የፈረንሳይኛ ቃል ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡር እ.ኤ.አ. በ1917 አዲስ አበባ ደረሰ፤ የጣቢያው ሕንፃም በ1929 ተመረቀ። አሮጌው ባቡር ዛሬ ወደዚያ አይመጣም፤ በ2016 የተመረቀው አዲሱ መስመርም መነሻው ከከተማው ዳር ነው። ሆኖም ከ2015 ጀምሮ በአቅራቢያው ቀላል ባቡር ይመላለሳልና፣ የሰፈሩ ልጅ ባቡር ፍሬን ሲይዝ ለማየት ሩቅ መሄድ አያስፈልገውም። የአልጀብራ መምህርም ኩዋድራቲክ እኩልዮሽን ለማስጀመር ሌላ ምሳሌ ፍለጋ ባይደክም ይሻለዋል።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ የባቡሩ ፍጥነት እጥፍ ቢሆን፣ ፍሬን ከተያዘ በኋላ እስኪቆም የሚሄደው ርቀት ስንት እጥፍ ይሆናል? ተማሪዎች አብዛኛውን ጊዜ «ሁለት እጥፍ» ይላሉ። ስሕተቱ ከስንፍና የመጣ አይደለም፤ እስከዚያ ድረስ በክፍል የሠሩት ሁሉ፣ የብርቱካን ዋጋም ሆነ የቀን ሠራተኛ ደመወዝ፣ በቀጥታ መስመር የሚያድግ ስለ ነበረ ነው። ትክክለኛው መልስ አራት እጥፍ ነው፤ ርቀቱ የሚያድገው ከፍጥነቱ ዳግም ርቢ ጋር ነውና። ልጁ በዚህ ሲገረም ትምህርቱ ተጀመረ።

ቁጥሩን ለማቅለል ነጂው አደጋ አይቶ ፍሬን እስኪይዝ 2 ሴኮንድ ይፈጅበታል፣ ከዚያም ፍጥነቱ በየሴኮንዱ በሴኮንድ ግማሽ ሜትር ይቀንሳል ይባል። ፍጥነቱ በሴኮንድ «ፍ» ሜትር፣ ጠቅላላው የማቆሚያ ርቀት «ር» ሜትር ቢሆን፣ ር = ፍ² + 2ፍ ይሆናል። ፍጥነቱ 5 ሲሆን ርቀቱ 35፣ 10 ሲሆን 120፣ 20 ሲሆን 440 ነው። የመጨረሻው 480 ያልሞላው የነጂው 2 ሴኮንድ ድርሻ መስመራዊ በመሆኑ ነው። ይህ ሰንጠረዥ በግራፍ ሲነሣ ፋንክሽኑ ይታያል፤ እኩልዮሹ ለዚያ ፋንክሽን የሚቀርብ አንድ ጥያቄ ብቻ ነው።

ጥያቄውም እንዲህ ይሁን፦ በሀዲዱ ላይ 120 ሜትር ርቆ ላም ቢታይ፣ ባቡሩ ላሟን ሳይነካ የሚቆመው ፍጥነቱ ቢበዛ ስንት ቢሆን ነው? ፍ² + 2ፍ = 120። እዚህ ላይ ቀመሩን አውጥቶ ሰሌዳ ላይ መጻፍ ያጓጓል፤ ነገር ግን ቀመሩን በቃሉ የያዘ ተማሪ የትኛው ቁጥር የት እንደሚገባ እንጂ ለምን እንደሚገባ አይጠይቅም። ይልቅ ጎኑ ፍ የሆነ ካሬ ይሣል፤ በሁለት ጎኖቹ ርዝመታቸው ፍ፣ ወርዳቸው 1 የሆነ ሁለት ሰቆች ይቀጠሉ። በማዕዘኑ ላይ 1 በ1 የሆነ ክፍተት ይቀራል። ክፍተቱ ሲሞላ ጠቅላላው ስፋት 121፣ የትልቁ ካሬ ጎን 11፣ ፍጥነቱም 10 ይሆናል፤ ይኸውም በሰዓት 36 ኪሎ ሜትር ነው። በ9ኛው መቶ ዓመት በባግዳድ የነበረው አል ኽዋሪዝሚ፣ አልጀብራ ስሙን ባገኘበት መጽሐፉ፣ ያስረዳው በእንዲህ ያለ ሥዕል ነው። ቀመሩ ይኸው ሥዕል በፊደል ሲጻፍ ነውና መጨረሻ ቢመጣ አይጎዳም።

የቋንቋውም ነገር አለ። ተማሪው በታችኛው ክፍል በአማርኛ «ዳግም ርቢ» ያለውን በሁለተኛ ደረጃ በእንግሊዝኛ ያገኘዋል። ሁለቱን የሚያገናኝለት ቃል ግን በቤቱ ነበረ፤ አዋቂዎች ስለ ቦታ ሲነጋገሩ «ስንት ካሬ ነው?» ሲሉ ሰምቷል።

ሁለተኛው መልስ 12 ኔጌቲቭ ነው። ብዙ ጊዜ «ስሕተት» ተብሎ ይሰረዛል፤ ይህ ግን ፍርደ ገምድልነት ነው። 144 ሲቀነስ 24 ያው 120 ነው፤ እኩልዮሹ ተቀብሎታል፣ የማይቀበለው ባቡሩ ነው። መምህሩ ይህን ልዩነት ሳይናገር መሰረዝን ካስለመደ፣ ተማሪው ያልጣመውን መልስ ሁሉ መጣል ይማራል። ሳያውቅ የሚጥለውም አለ፦ ፍ² + 2ፍ = 0 ሲሰጠው ሁለቱንም ወገን ለፍ ያካፍልና 2 ኔጌቲቭን ብቻ ይዞ ይመለሳል። የጠፋው መልስ 0 ነው፤ ይኸውም በጣቢያው የቆመው ባቡር።