ሜትር ይዘው የተከራከሩ መምህር
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተነገረ)



የአናቶሚ ትምህርት፣ ማለት የሰው አካል አሠራር ጥናት፣ በተነሣ ቍጥር ብዙዎቻችን የምናስበው የፎርማሊንን ሽታና በቃል የሚጠናውን የአጥንት ስም ነው። ዛሬ የምንነግራችሁ ግን በዚህ ትምህርት ለወገናቸው መብት ስለ ተሟገቱ ስለ ፕሮፌሰር ዊልያም ሞንታግ ኮብ ነው። ዓመታቱን የምንጠራው እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ነው።

ፕሮፌሰር ኮብ በ1904 በዋሽንግተን ከተማ ተወለዱ። በ1929 ከሐዋርድ ዩኒቨርሲቲ በሕክምና ተመረቁ። ከዚያም በክሊቭላንድ ከተማ በዌስተርን ሪዘርቭ ዩኒቨርሲቲ አጥንት መለካትንና መመርመርን ተምረው፣ በ1932 በአካላዊ አንትሮፖሎጂ የዶክትሬት ዲግሪ ያገኙ የመጀመሪያው ጥቁር አሜሪካዊ ሆኑ። በዚያው ዓመት ወደ ሐዋርድ ተመልሰው ማስተማር ጀመሩ። የአገራችን ሰው ዶክተር መላኩ በያንም ሕክምና ያጠኑት በዚያው ትምህርት ቤት በዚያው ዘመን ነበር።

በ1935 ጄሲ ኦውንስ በአንድ ቀን በርካታ የዓለም ሬኮርዶችን ሰበረ። በዚያን ጊዜ አንዳንዶች፣ «ጥቁር ሯጭ የሚያሸንፈው በትጋቱ ሳይሆን ተረከዙና ባቱ በተፈጥሮ የተለየ ስለ ሆነ ነው» ይሉ ነበር። ፕሮፌሰር ኮብ ሜትራቸውን አንሥተው የኦውንስን እግር ለኩ። ባቱ «የጥቁር ነው» የሚባለውን ዓይነት ሳይሆን «የነጭ ነው» የሚባለውን ዓይነት ሆኖ ተገኘ። በ1936 ባሳተሙትም ጽሑፍ ታላላቆቹን ጥቁር ሯጮች ሁሉ አንድ የሚያደርግና በዘር የሚለይ የአካል ምልክት አለመኖሩን አስረዱ። ኦውንስ በበርሊን አራት የወርቅ ሜዳይ ሲቀበል መልሱ አስቀድሞ ታትሞ ነበር። ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ ማለት ይህ ነው።

ሥራቸው ግን በአጥንት ብቻ አልተወሰነም። በዚያ ዘመን በብዙ የአሜሪካ ሆስፒታሎች ጥቁር ሐኪም አይቀጠርም፤ ጥቁር በሽተኛም በተለየ ክፍል ይተኛ ነበር። ከ1957 እስከ 1963 በየዓመቱ በጥንታዊው ግብፃዊ በኢምሆቴፕ ስም ጉባኤ እያስጠሩ ይህ እንዲቀር ተከራከሩ። የጥቁር ሐኪሞችን ማኅበር መጽሔትም ከ1949 እስከ 1977 በአዘጋጅነት መሩ።

ጓደኞቻችን፤ አንድ ነገር ልንደብቃችሁ አንወድም። በ1969 የሐዋርድ ተማሪዎች፣ «የሚያስተምሩን ለአገር አቀፍ ፈተና አያዘጋጀንም» ብለው ከክፍላቸው ቀሩ፤ እርሳቸውም የክፍሉን ኃላፊነት ለቀቁ። ማስተማሩን ግን እስከ 1973 ቀጠሉ። በአርባ ዓመት ውስጥ ስድስት ሺህ ያህል ተማሪዎች በእጃቸው አልፈዋል። ሥዕልንና ሥነ ጽሑፍን ከአናቶሚ ጋር አዋሕደው የሚያስተምሩ፣ ተማሪዎች በሥራ ላይ ሳሉ ቫዮሊን የሚጫወቱላቸው መምህር ነበሩ።

እኛም ተማሪዎች ነንና ፈተና መውደቅ ምን እንደ ሆነ እናውቃለን፤ ስለዚህ በእነዚያ ልጆች አንፈርድም። ፈተናውን ማለፍ ይገባናል። ነገር ግን ፈተናውን ካለፍን በኋላ በእጃችን የሚቀረው ምንድን ነው? የአጥንቱን ስም ብቻ ይዘን ብንወጣ፣ ሐሰት በሳይንስ ስም ሲነገር በምን እንመልሳለን?

በመኝታ ቤቶቻችን፣ «የእገሌ ወገን በተፈጥሮው እንዲህ ነው» የሚል ቃል ሲነገር ሰምተን በሳቅ ያለፍንበት ቀን አለ። ማን ለካው? በምን ለካው? ብለን አልጠየቅንም። ፕሮፌሰር ኮብ በ1990 ዐርፈዋል፤ ከ600 በላይ የሚሆነው ከነታሪኩ የተመዘገበ የአጥንት ስብስባቸው ግን ዛሬም በሐዋርድ ይጠናል። ከእርሳቸው የምንወርሰው ይህንኑ ጥያቄ ይሁን፤ ከነገ ጀምሮም በየመኝታ ቤታችን እንጠይቀው።