የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው?

(የተማሪዎች ማኅበር የቤተ መጻሕፍት ኮሚቴ በጠቅላላ ስብሰባ ላይ ያሰማው ንግግር)



የምንናገረው ስለ ወንበር ማነስ ወይም ስለ መብራት መጥፋት አይደለም፤ እነዚህንስ ሁላችንም እናያቸዋለን። የምንናገረው በዓይን ስለማይታየው የቤተ መጻሕፍታችን ክፍል ነው፤ ይኸውም በኮምፒዩተር ስለምናነባቸው ጆርናሎችና መጻሕፍት፤ እነርሱም ስለሚተዳደሩበት አሠራር ነው።

ከደረሰብን ነገር እንጀምር። ባለፈው ዓመት የመመረቂያ ጽሑፋቸውን ያዘጋጁ የነበሩ ጓደኞቻችን አንድ ቀን ማለዳ ኮምፒዩተር ከፍተው፤ እስከ ትናንት ያነቡት የነበረውን ጆርናል ቢፈልጉ «ክፈሉ» የሚል መልስ አገኙ። አንድ ሳምንት ጠበቁ፤ ሁለት ሳምንት ጠበቁ። አንዳንዱ ርእሱን ለወጠ፤ አንዳንዱም የጽሑፎቹን አጭር መግለጫ ብቻ አንብቦ ሙሉውን እንዳነበበ አድርጎ ጻፈ። ይህን የምንናገረው እያፈርን ነው። እኛም ተቆጥተን የቤተ መጻሕፍቱን ሠራተኞች ለመውቀስ ሄድን። እዚያ የጠበቀን ግን ሌላ ነገር ነው። ውሉ እንዲታደስ የሚያሳስበው ደብዳቤ የተላከው ወደ ሌላ መሥሪያ ቤት በተዛወረ አንድ ሠራተኛ የኢሜል አድራሻ ኖሯል፤ የይለፍ ቃሉንም የሚያውቅ ከእርሱ በቀር ማንም አልነበረም። በቦታውም የተተካ ሰው የለም። የቀሩት ጥቂት ሠራተኞች ቀን መጽሐፍ ሲያውሱ ውለው ማታ ስለ ተበላሸ ኮምፒዩተር የሚጨነቁ ናቸው። ስለዚህ የጎደለው የሰው ትጋት ሳይሆን ሥርዐት መሆኑን ተረዳን፤ ስለ ቁጣችንም ይቅርታ ጠየቅን።

ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ? የወረቀት መጽሐፍ አንድ ጊዜ ከተገዛ የቤቱ ንብረት ነው። ገንዘብ ባጠረበት ዓመት አዲስ አይገዛ ይሆናል እንጂ የነበረው ከመደርደሪያው አይወርድም። የኤሌክትሮኒክ ጆርናል ግን አብዛኛውን ጊዜ እንደ ኪራይ ቤት ነው፤ ኪራዩ ሲያበቃ በሩ ይቆለፋል። ቀድሞ የተከፈለባቸውን እትሞች ከዚያ በኋላ ማንበብ ይቻል እንደ ሆነ የሚወስነው ውሉ ነው። በአሜሪካ የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ኤልሰቪየር ከተባለው አሳታሚ ጋር ስለ ዋጋና መምህራኑ የሚጽፉት ሁሉ ለአንባቢ ክፍት ስለሚሆንበት መንገድ ሳይስማማ ቀርቶ፤ እ.ኤ.አ. በ2019 ውሉን ሳያድስ ተወው። አዲስ ስምምነት የተደረገው በ2021 ነው። በዚያ ሁሉ ጊዜ ግን ተማሪዎቹ እስከ 2018 የታተሙትን አብዛኞቹን ጽሑፎች ከማንበብ አልተከለከሉም፤ የቀድሞው ውል ይህን መብት አስቀርቶላቸው ነበርና። እንግዲህ ውሉን አስተውሎ የሚያነብና የተፈረመውን የሚያስቀምጥ ሰው፤ መጻሕፍቱን ከሚጠብቀው ሰው እኩል ያስፈልጋል ማለት ነው።

«እኛ ብዙውን በነጻ እናገኛለን» የሚል ይኖራል፤ እውነቱን ነው። የዓለም የጤና ድርጅት ከአሳታሚዎች ጋር ተባብሮ እ.ኤ.አ. በ2002 ሂናሪን ጀመረ፤ በ2003 ደግሞ የምግብና የእርሻ ድርጅት አጎራን አስከተለ። ዛሬ እነዚህና ሌሎቹ ሪሰርች ፎር ላይፍ በሚባለው ስም ተሰብስበው እንደ አገራችን ያሉ ድሆች አገሮች ዩኒቨርሲቲዎች ይጠቀሙባቸዋል። ነገር ግን ነጻ ማለት ጠባቂ አያሻውም ማለት አይደለም። ዩኒቨርሲቲው መመዝገብ፤ የይለፍ ቃሉን መጠበቅ፤ ደንቡንም ለተማሪው ማስረዳት አለበት። ይህን የሚሠራ ሰው ከሌለ ስጦታውም ሳይነካ ይቀራል።

ሁለተኛው ችግር ርቀት ነው። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮቪድ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች ሲዘጉ ተማሪዎች ወደየቤታቸው ሄዱ። ብዙ አሳታሚዎች ደግሞ አንባቢውን የሚለዩት በስሙ ሳይሆን ኮምፒዩተሩ ባለበት ግቢ የኢንተርኔት አድራሻ ቁጥር ነው። ስለዚህ በግቢ ውስጥ የሚከፈተው ጆርናል ደብረ ማርቆስ ወይም አርባ ምንጭ ቤቱ ለተቀመጠ ተማሪ አይከፈትም። የዚህ መፍትሔ ከታወቀ ቆይቷል። ተማሪው በስሙና በይለፍ ቃሉ ወደ ዩኒቨርሲቲው ሰርቨር ይገባል፤ ሰርቨሩም በእርሱ ፈንታ አሳታሚውን ጠይቆ ጽሑፉን ያመጣለታል። ኢዚፕሮክሲ የተባለው ፕሮግራም ከሃያ ዓመት በላይ የሠራው ይህንኑ ነው። የሚያስፈልገው የተማሪዎችን ስም ዝርዝር በየሴሚስተሩ የሚያስተካክልና ሰርቨሩን የሚከታተል ሰው ነው።

ሦስተኛው ካታሎጉ ነው። ኮሃ የተባለው የቤተ መጻሕፍት ፕሮግራም በኒውዚላንድ ለአንድ የአውራጃ ቤተ መጻሕፍት ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2000 ሥራ ጀመረ፤ በማኦሪ ቋንቋ «ኮሃ» ማለት ስጦታ ማለት ነው። እንደ ስሙም ማንም ሳይከፍል ወስዶ ይሠራበታል። ሰርቨሩ፤ መጠባበቂያ ቅጂውና ባለሙያው ግን ገንዘብ ይጠይቃሉ። ይህን ቸል የሚል ቢኖር የብሪታንያን ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ያስታውስ። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2023 የኮምፒዩተር ሽፍቶች ገብተው ሥርዐቱን ቆለፉ፤ ማስለቀቂያ ገንዘብም ጠየቁ። ዋናው ካታሎግ ለፍለጋ ብቻ ተመልሶ የተከፈተው በጃንዋሪ 2024 ነበር፤ ሌላው አገልግሎት ከዚያም በላይ ዘገየ። ያን ያህል ሀብትና ባለሙያ ያለው ቤት እንዲህ ከሆነ፤ እኛ ምን ያህል መጠንቀቅ እንዳለብን አስቡት።

የራሳችን የሆነ ችግርም አለ፤ ይህን ሌላ አገር አይሠራልንም። እ.ኤ.አ. በ1999 የግዕዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ለእያንዳንዱ ፊደል የየራሱ ቁጥር ተሰጠው። ለእኛ በድምፅ አንድ የሆኑት ሀ፣ ሐና ኀ፤ ሰና ሠ፤ ለኮምፒዩተሩ ልዩ ልዩ ናቸው። ካታሎጉ ላይ «ሥራ» ተብሎ የተመዘገበውን መጽሐፍ «ስራ» ብሎ የሚፈልግ ተማሪ፤ ኮምፒዩተሩ ሁለቱን እንደ አንድ እንዲቈጥር ካልታዘዘ በቀር «የለም» ይባላል፤ መጽሐፉ ግን መደርደሪያው ላይ ተቀምጧል። የደራሲ ስምም እንዲሁ ነው። ከበደ ሚካኤልን አንዱ መዝጋቢ በ«ከበደ»፤ ሌላው እንደ ፈረንጅ ልማድ በ«ሚካኤል» ቢጽፈው የአንድ ሰው ሥራ በሁለት ቦታ ይበተናል።

እንግዲህ ኮሚቴያችን ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር የሚያቀርበው ጥያቄ ይህ ነው።

አንደኛ፤ እያንዳንዱ ውል ምን እንደሚያስገኝ፤ ስንት እንደሚከፈልበትና መቼ እንደሚያበቃ በአንድ መዝገብ ይጻፍ። ማሳሰቢያው በአንድ ሰው ስም ሳይሆን በክፍሉ አድራሻ ይላክ። የይለፍ ቃሉንም ከሁለት ያላነሱ ሠራተኞች ይወቁት።

ሁለተኛ፤ ከግቢ ውጭ ሆኖ ማንበብ የሚቻልበት መንገድ ይከፈት፤ ይልቁንም የማታና የርቀት ተማሪዎች ይታሰቡ።

ሦስተኛ፤ ካታሎጉና በኮምፒዩተር የተቀመጡት የመመረቂያ ጽሑፎች ቢያንስ በሦስት ቅጂ ይያዙ፤ አንዱም ከግቢው ውጭ ይሁን። ቅጂው በእርግጥ የሚሠራ መሆኑም በየጊዜው ተመልሶ ተጭኖ ይፈተን።

አራተኛ፤ ውል ከመታደሱ በፊት እያንዳንዱ ጆርናል ስንት ጊዜ እንደ ተነበበ የሚያሳየው ቍጥር ለመምህራንና ለተማሪዎች ተወካዮች ይቅረብ። አሳታሚዎቹ ይህን ቍጥር ስለሚሰጡ መጠየቅ ብቻ ነው። ሆኖም ቍጥሩ ብቻውን አይፍረድ፤ ሦስት ሰዎች ብቻ የሚያነቡት ጆርናል ለሦስቱ ምትክ የሌለው ሊሆን ይችላልና።

አምስተኛ፤ የአማርኛ መጻሕፍት አመዘጋገብ ስለ ፊደልና ስለ ስም አንድ ደንብ ይውጣለት። በዚህ ሥራ የቋንቋና የኮምፒዩተር ትምህርት ክፍል ተማሪዎች ለማገዝ ዝግጁ ናቸው።

ጠይቀን ብቻ ብንቀመጥ ግን ነገራችን ግማሽ ይሆናል። ከእኛ መካከል የይለፍ ቃሉን ግቢው ውስጥ ላልሆነ ዘመዱ የሚሰጥ አለ። በአንድ ሌሊት መቶ መቶ ጽሑፍ በፕሮግራም እየጎተተ የሚያከማችም አለ፤ አሳታሚው ይህን ሲያይ የሚዘጋው በአንዱ ጥፋተኛ ላይ ሳይሆን በግቢው ሁሉ ላይ ነው። ውሻ በቀደደው ጅብ ይገባል ይባላል፤ ዛሬ ለጓደኛ ብለን የከፈትነው ቀዳዳ ነገ የማናውቀውን ሰው ያስገባል። ጆርናሉ እንቢ ሲልም እርስ በርሳችን ከማማረር ይልቅ ቀኑንና የጽሑፉን ስም ጽፈን ለቤተ መጻሕፍቱ እናስታውቅ። መምህሮቻችንንም አንድ ነገር እንለምናለን፤ ያሳተማችሁትን ጽሑፍ ውላችሁ በሚፈቅደው መጠን ለቤተ መጻሕፍታችን አንድ ቅጂ ስጡ። በራሳችን ግቢ የተጻፈውን ከውጭ አገር አሳታሚ መልሰን እንዳንከራይ ነው።

የቤተ መጻሕፍቱ ቁልፍ በማን እጅ ነው ብለን ነበር የጀመርነው። ባለፈው ዓመት በአንድ በሄደ ሰው እጅ ነበር። ከእንግዲህ በተጻፈ ደንብ ይያዝ፤ ደንቡንም የሚያስፈጽም ሰው ይሾምለት። ዘንድሮ የመመረቂያ ጽሑፋቸውን የሚጀምሩት ጓደኞቻችን ያላነበቡትን አነበብን ብለው ለመጻፍ ዳግም እንዳይገደዱ የምንፈልገው ይህ ብቻ ነው።