ክንፍ ያወጡ መኪኖች

እሱ፦ እ.ኤ.አ. የ1957 ሸቭሮሌ ቤል ኤር ማደያ ሲገባ፣ መኪናውን የማያውቅ ነዳጅ ቀጂ ዙሪያውን መዞሩ አይቀርም። የነዳጅ መሙያው ክዳን አይታይማ!

እሷ፦ ታዲያ የት ገባ?

እሱ፦ በግራው የኋላ ክንፍ ጫፍ ላይ ካለው የክሮም ጌጥ ጀርባ ነው። ጌጡ ራሱ እንደ ትንሽ በር ይከፈታል።

እሷ፦ ለመሆኑ ለመኪና ክንፍ ምን ያደርግለታል?

እሱ፦ ለውበት ነው። የጄኔራል ሞተርስ የዲዛይን ኃላፊ ሃርሊ ኧርል፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ባለ ሁለት ጭራውን የሎክሂድ ፒ-38 ተዋጊ አውሮፕላን አይቶ ልቡ ተሰረቀ። የ1948ቱ ካዲላክ ትንንሽ ክንፎች ይዞ ወጣ። በ1959 ግን ክንፉ ሽቅብ ተመዘዘ፤ በእያንዳንዱ ላይም ጥይት የሚመስሉ ሁለት ቀያይ መብራቶች ተሰኩ።

እሷ፦ እሱስ በዛ። የቤል ኤሩ ልከኛ ነው፣ ዓይን ያሳርፋል።

እሱ፦ ቤል ኤርን ዛሬም በሥራ ላይ ማየት የፈለገ ኩባ፣ ሃቫና ይሂድ። በ1960ዎቹ መጀመሪያ አሜሪካ በኩባ ላይ ማዕቀብ ስትጥል አዲስ የአሜሪካ መኪናም መለዋወጫም ቀረ።

እሷ፦ እንዴት ቆዩ ታዲያ?

እሱ፦ በመካኒኮቹ እጅ! የጠፋውን ዕቃ ራሳቸው ቀጥቅጠው ይሠራሉ። የብዙዎቹ ኮፈን ሲከፈት የሚገኘውም የሸቭሮሌ ሞተር ሳይሆን ከሌላ መኪና የተነቀለ ናፍጣ ሞተር ነው።