ማስታገሻው ራሱ ሕመም ሲሆን



ራሱን አሞት የማያውቅ ሰው የለም፤ ከዚህም የተነሣ ይመስለኛል ራስ ምታት እንደ በሽታ የማይቆጠረው። «ራሴን አሞኛል» ያለ ሁሉ አንድ ኪኒን ይሰጠውና ወደ ሥራው ይሸኛል። የዛሬው ዲስኩሬ አልፎ አልፎ መጥቶ ስለሚሄደው ራስ ምታት አይደለም፤ የወሩን እኩሌታ ከሰው ላይ ስለሚወስደው ነው። እንዲህ ያለው ሕመም በመጣ ቁጥር ኪኒን በመዋጥ አይታከምም። የሚታከመው የማስታገሻውን ቀን በመገደብና ሕመሙን ሳይነሣ በመከላከል ነው፤ የበዛ ማስታገሻ ራሱ ራስ ምታትን ያመጣልና።

በኢትዮጵያ ቤት ለቤት ተካሂዶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናት እንደሚያሳየው ከመቶ አዋቂዎች ወደ 18 የሚጠጉት በዓመቱ ውስጥ ማይግሬን ነበረባቸው፤ ከመቶ ሦስት ያህሉ ደግሞ ራሳቸውን በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ ያማቸዋል። ማይግሬን የአንጎልና የነርቭ ሕመም ነው እንጂ የጠባይ ድክመት አይደለም። ካልታከመ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል፤ ብዙ ጊዜ ራስን በአንድ ወገን ይወቅራል፣ ያቅለሸልሻል፣ ብርሃንና ድምፅ ያስጠላል። ሴቶችን ከወንዶች ከሁለት እስከ ሦስት እጥፍ ያጠቃል። ራስ ምታቱ ከሦስት ወር በላይ በየወሩ 15 ቀን ከደረሰና ቢያንስ 8ቱ ቀን የማይግሬን መልክ ካለው ሥር የሰደደ ማይግሬን ይባላል። ብዙ ሰው ግን «ሳይነስ ነው»፣ «ደም ብዛት ነው» እያለ ዓመታቱን ያሳልፋል።

የማስታገሻው ወሰን የታወቀ ነው። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌን ወይም አስፕሪን በወር 15 ቀን፣ ኤርጎታሚን፣ ትራማዶል ወይም የተቀየጡ ማስታገሻዎች በወር 10 ቀን፣ ያውም ከሦስት ወር በላይ ሲወሰዱ፣ ለራስ ምታት የተጋለጠ አንጎል ሕመምን የመቀስቀስ ዝንባሌው ይበረታል። እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል፦ «ኪኒኑን ያበዛው ሕመሙ ነው እንጂ ሕመሙን ያበዛው ኪኒኑ አይደለም።» ተቃውሞው ግማሽ እውነት አለው። ለመገጣጠሚያ ሕመም ማስታገሻ በየቀኑ የሚወስዱ ሰዎች ሲጠኑ የዘወትር ራስ ምታት የያዛቸው ቀድሞ ማይግሬን የነበረባቸው ሆነው ተገኝተዋል። እንግዲያው መድኃኒቱ ብቻውን በሽታውን አይፈጥርም፤ የተጋለጠውን ሰው ግን ወደ ዘወትር ሕመም ይገፋዋል። ማስታገሻውን የተዉ ብዙ ሕመምተኞች የራስ ምታት ቀናቸው መቀነሱም ይህንኑ ያጠናክራል።

«ታዲያ ሕመሙን ዝም ብዬ ልቻለው?» ለሚል መልሴ «አይሆንም» ነው። ማይግሬን ሲጀምር ሳይዘገዩ በተገቢው መጠን ማስታገሻ መውሰድ ትክክል ነው፤ ቀኑ ግን በሳምንት ከሁለት አይለፍ። ያበዛ ሰው ሲያቆም ሕመሙ ከ2 እስከ 10 ቀን ይብስበታል፤ ይህን አስቀድሞ ያልሰማ ሰው «ያለ ኪኒን አልኖርም» ብሎ ይመለሳል። ስለዚህ ማቆሙ ከመከላከያ መድኃኒት ጋር ቢያያዝ ይሻላል፤ ትራማዶል የለመደ ደግሞ በሐኪም ክትትል ቀስ በቀስ ይቀንሰው። ከመከላከያዎቹ ፕሮፕራኖሎልና አሚትሪፕቲሊን ከብዙዎቹ አዳዲስ መድኃኒቶች ይልቅ ርካሽ ናቸው። ጥቅማቸው የሚመዘነው ግን ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ነው፤ በሳምንቱ «አልሠራልኝም» ብሎ መጣል ሕክምናውን ሳይጀምሩ መተው ነው። አስም ላለበት ፕሮፕራኖሎል አይሆንም። ማርገዝ ለምትችል ሴት ደግሞ ሌላው መከላከያ፣ ቫልፕሮይክ አሲድ፣ ለማይግሬን መሰጠት የለበትም፤ ፅንሱን ይጎዳልና።

ስለ ራስ ምታት ስናወራ ቡና ለእኛ ልዩ ቦታ አለው። አቦል፣ ቶና፣ በረካ ብሎ በየቀኑ የሚጠጣ ሰው በድንገት ሲያቋርጥ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ባለው ጊዜ ራስ ምታት ሊጀምረው ይችላል፤ እስከ ዘጠኝ ቀንም ሊቆይ ይችላል። በጾም መግቢያ የሚበረታው ራስ ምታት ከረኀቡ ሌላ ይህም ምክንያት አለው። ጾሙን ተዉ ማለቴ አይደለም፤ ከመግባቱ በፊት ባሉት ሳምንታት ስኒውን አንድ በአንድ መቀነስ ይቻላል።

ሁሉም ራስ ምታት ማይግሬን አይደለም። እንደ መብረቅ ድንገት የወደቀ፣ ትኩሳትና የአንገት መገተር ያለው፣ ከእጅ እግር ድካም ወይም ከንግግር መተሳሰር ጋር የመጣ፣ ከ50 ዓመት በኋላ አዲስ የጀመረ፣ በእርግዝና ጊዜ የበረታ ራስ ምታት ፈጥኖ ሐኪም ይየው። እነዚህ ከሌሉና ምርመራው ደኅና ከሆነ ግን ለውድ የጭንቅላት ምስል ምርመራ ገንዘብ መበደር አያስፈልግም።

የመጨረሻው ቃሌ ለፋርማሲ ባለሙያዎች ነው፤ አብዛኛው ሕመምተኛ ከሐኪም በፊት የሚያገኘው እናንተን ነውና። ማስታገሻ ሊገዛ የመጣውን ሰው በዚህ ወር ስንት ቀን እንደወሰደ ጠይቁት፤ አሥር ካለፈ ወደ ጤና ጣቢያ ላኩት። ኤርጎታሚን ለጠየቃችሁ ደግሞ ሌላ የሚወስደው መድኃኒት እንዳለ ለብቻው ጠርታችሁ ጠይቁት፦ ሪቶናቪር ካለበት የኤችአይቪ መድኃኒት ጋር ሲገናኝ የደም ሥርን አጥብቆ እጅና እግር እስከማሳጣት ይደርሳል።