የዕረፍት ቀን፦ ከተፍኪ እስከ አምስት ኪሎ

(ለአዲስ አንባቢዎች በሬዲዮ ከተላለፈ ንግግር)

   ደብተርና እርሳሳችሁ አጠገባችሁ ይሁን።

ዛሬ የምንነጋገረው ስለ እርሻ አይደለም። ስለ ማዳበሪያም አይደለም። ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ዕረፍት ነው።

ዕረፍት ስንል መተኛት ብቻ ነው? አይደለም። ሰውነት እንደሚደክም ሁሉ ልብም ይደክማል። ሰውነት በእንቅልፍ ይበረታል። ልብ ግን የሚታደሰው አዲስ ነገር ሲያይ፣ ሲሰማ፣ ሲስቅና ሲያውቅ ነው። ይህ መዝናናት ይባላል።

«መዝናናትማ የከተሜ ነው፤ የባለ ገንዘብ ነው» የሚሉ ሰዎች አሉ። እውነት ነው? እስቲ መጀመሪያ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ።

ተፍኪ አካባቢ የሚኖሩ አንድ ገበሬ አሉ። ስማቸውን መጥራት አያስፈልግም። አንድ ዓመት ጤፋቸውን ወቅተው፣ እህላቸውን ሸጠው፣ ትንሿን ልጃቸውን ይዘው አዲስ አበባ ሄዱ። ዘመድ ጠይቀው ሲጨርሱ ልጅቱ፣ «አባዬ፣ ድንቅነሽን አሳየኝ» አለቻቸው። ስሟን ሰዎች ሲያወሩ ሰምታለች። ልጅቱ ገና ፊደል መቁጠር አልጀመረችም ነበር።

ጠይቀው ጠይቀው ሙዚየሙን አገኙት። ገቡ። አጥንቶቹ ፊት ቆሙ። ከአጥንቶቹ ጎን ጽሑፍ አለ። ልጅቱ ወደ ጽሑፉ እያመለከተች፣ «አባዬ፣ ይኼ ምን ይላል?» ብላ ጠየቀች።

አባት ዝም አሉ። ጥቂት ቆይተው፣ «አጥንት ነው ይላል። ነይ እንሂድ» አሏት። እጇን ይዘው ወጡ።

«ድህነት አሳፍሮኝ አያውቅም» ይላሉ እኚህ ሰው። «ልጄን የዋሸሁ ዕለት ግን አፈርኩ።»

ውድ አድማጮቻችን፣ እኚህን ሰው ከአጥንቶቹ ፊት ያስወጣቸው ምንድን ነው? የገንዘብ እጥረት ነው? አይደለም። የመግቢያውን ከፍለዋል። ያስወጣቸው ፊደል አለማወቅ ነው። ወደ እርሳቸው በኋላ እንመለሳለን። አሁን ግን እናንተን ይዤ ያንኑ መንገድ ልሂድ። እናንተ ፊደል ቆጥራችኋል። እያነበባችሁ ትሄዳላችሁ።

መንገዱ

ከተፍኪ ተነስተን በጅማው መንገድ ወደ ሰበታ እንሄዳለን። ከሰበታ በዓለም ገና በኩል አየር ጤና እንደርሳለን። አየር ጤና አዲስ አበባ ውስጥ ነው። ከዚያ በታክሲ ወደ መሀል ከተማ እንገባለን።

ድሮ የታክሲውን ረዳት ጩኸት ብቻ ነበር የምትከተሉት፤ አይደል? አሁን ግን ታፔላ ታነባላችሁ። ታፔላ ታክሲው ከየት ወደ የት እንደሚሄድ የሚያሳይ ጽሑፍ ነው። «ሜክሲኮ» ይላል? «አራት ኪሎ» ይላል? ራሳችሁ አንብባችሁ ግቡ። ከአራት ኪሎ ወደ አምስት ኪሎ በእግር ይኬዳል። ብሔራዊ ሙዚየም አምስት ኪሎ ነው።

በሩ ላይ ስትደርሱ እንደገና ታነባላችሁ። «መግቢያ» ይላል። «መውጫ» ይላል። የትኬቱ ዋጋ ተጽፎ እንደሆነ አንብቡት። መልሳችሁን ቁጠሩ። ትኬታችሁን አትጣሉት። ውስጥ ስትገቡ «መንካት ክልክል ነው» የሚል ታያላችሁ። ይህ እናንተን ለማስፈራራት አይደለም። የሁላችንም ንብረት እንዳይበላሽ ነው።

አዋሽና ድንቅነሽ

አሁን ድንቅነሽ ፊት ቆመናል። ድንቅነሽ የተገኘችው ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. ነው። ቦታው አፋር ውስጥ ነው፤ ሐዳር ይባላል። ዕድሜዋ 3 ሚሊዮን 200 ሺህ ዓመት ያህል ነው። ቁመቷ ከ1 ሜትር ብዙም አይበልጥም። አጥንቷ ግን አንድ ትልቅ ነገር ነገረን። የጉልበቷና የዳሌዋ አጥንት በሁለት እግሯ ቆማ ትሄድ እንደነበረ ያሳያል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። በመስተዋቱ ውስጥ የምታዩት ቅጂ ነው። እውነተኛው አጥንት እንዳይጎዳ ለብቻው በጥንቃቄ ይቀመጣል። ሰው የቤቱን ካርታ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ቅጂውን ይዞ እንደሚወጣ ማለት ነው።

«ታዲያ ይህ ለእኛ ለተፍኪ ሰዎች ምናችን ነው?» ትሉ ይሆናል። ስሙ እንግዲህ።

በክረምት ሞልቶ ሜዳውን የሚያለብሰው ወንዝ ማን ነው? አዋሽ ነው። አዋሽ ከጊንጪ አካባቢ ካለው ደጋ ይነሳል። በበቾ ሜዳ፣ በእናንተው ሠፈር በኩል ያልፋል። ከዚያ መልካ ቁንጥሬ ይደርሳል። ከዚያ ወደ ቆቃ ይወርዳል። ከዚያ ወደ አፋር በረሃ ይገባል። ባሕር ሳይደርስ አቤ በሚባል ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ሐዳርም ያለው በዚሁ በአዋሽ ተፋሰስ ነው። እንግዲህ ድንቅነሽ የታችኛው የአዋሽ ሰው ነች፤ እናንተ የላይኛው። ለጎረቤት ሩቅ አይደለችም!

ከአዲስ አበባ የሚወርዱት ወንዞችም ወደዚያው ይሄዳሉ። ቀበናና ግንፍሌ ከእንጦጦ በኩል ይወርዳሉ። ውኃቸው አቃቂ ይገባል። አቃቂም አዋሽ ይገባል። የከተማውም የገጠሩም ውኃ መጨረሻው አንድ ነው።

መልካ ቁንጥሬንም አትርሱ። በቡታጅራ መንገድ ከአዲስ አበባ 50 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል። «መልካ» በኦሮምኛ የወንዝ መሻገሪያ ማለት እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። በዚያ መሻገሪያ የጥንት ሰዎች ድንጋይ እየጠረቡ መሣሪያ ይሠሩ ነበር። ከ700 ሺህ ዓመት በፊት የነበሩ ሰዎች የእግር ዱካ ተገኝቷል። ከዱካው ውስጥ የሕፃናትም አለበት። ወላጆቻቸው ሥጋ ሲበልቱ ሕፃናቱ አጠገባቸው ነበሩ ማለት ነው። ልክ እንደ እኛ ልጆች! ይህ ቦታ በ2016 ዓ.ም. በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ቴአትርና ዘፈን

ከሙዚየም ወጥተን ወደ ፒያሳ ብንወርድ ሀገር ፍቅር ቴአትርን እናገኛለን። ሀገር ፍቅር የተመሠረተው በ1927 ዓ.ም. ነው። ብሔራዊ ቴአትር ደግሞ በ1948 ዓ.ም. ተከፈተ። በእነዚህ መድረኮች ስንት ተዋናይ፣ ስንት ዘፋኝ አልፏል!

ከእነርሱ አንዱን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ጥላሁን ገሠሠ ነው። ጥላሁን በ1933 ዓ.ም. አዲስ አበባ ተወለደ። ያደገው ግን ወሊሶ፣ ከአያቱ ዘንድ ነው። የተማረውም እዚያው ራስ ጎበና ትምህርት ቤት ነው። የሀገር ፍቅር ሰዎች ወሊሶ መጥተው ሲጫወቱ አየ። ልቡ ሸፈተ።

የሕይወት ታሪኩ እንደሚለው፣ ጥላሁን በእግሩ ወደ አዲስ አበባ ጉዞ ጀመረ። ቱሉ ቦሎ ላይ ግን አያቱ ደርሰው መለሱት። ተስፋ ቆረጠ? አልቆረጠም። ወዲያው ጭነት መኪና ላይ ተደብቆ እንደገና ሄደ። ከቱሉ ቦሎ አዲስ አበባ የሚወስደው መንገድ በየት ያልፋል? በተፍኪ ያልፋል። ያ መኪና ደጃችሁን አልፎ ነው የሄደው። አዲስ አበባ ሲደርስ ሀገር ፍቅር ተቀጠረ። የቀረውን ሬዲዮናችሁ ነግሯችኋል።

ቴአትር ለማየት ስትሄዱ ማስታወቂያውን አንብቡ። የቴአትሩን ስም አንብቡ። ቀኑን አንብቡ። ሰዓቱን አንብቡ። ሰዓቱ በእኛ አቆጣጠር ነው ወይስ በፈረንጅ? ካልገባችሁ ጠይቁ። መጠየቅ ነውር አይደለም።

ኳስና ሩጫ

የስፖርት ወዳጆችስ? የአዲስ አበባ ስታዲየም መስቀል አደባባይ አጠገብ ነው። ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. በዚህ ሜዳ ትልቅ ነገር ሆነ። ኢትዮጵያ ለአፍሪካ ዋንጫ ፍጻሜ ከግብፅ ጋር ተጋጠመች። ግብፅ ያን ጊዜ የተባበረችው ዓረብ ሪፐብሊክ ትባል ነበር። ሁለት ጊዜ ግብፅ መራች። ሁለት ጊዜ የእኛ ልጆች አቻ አደረጉ። 90 ደቂቃው 2 ለ 2 አለቀ። በተጨማሪው ሰዓት ኢታሎ ቫሳሎ አንድ አገባ። መንግሥቱ ወርቁ አንድ ጨመረ። ኢትዮጵያ 4 ለ 2 አሸነፈች። ዋንጫውን የተቀበለው አምበሉ ሉቻኖ ቫሳሎ ነው።

ከዚያ በፊት ጳጉሜን 5 ቀን 1952 ዓ.ም.፣ በአዲስ ዓመት ዋዜማ፣ አበበ ቢቂላ ሮም ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ በማራቶን አሸነፈ። ማራቶን 42 ኪሎ ሜትር ከ195 ሜትር ነው። በ1957 ዓ.ም. ቶኪዮ ላይ ደግሞ ደገመው።

ሩጫ ለማየት የግድ ስታዲየም መግባት አያስፈልግም። ማለዳ ተነሥታችሁ ሱሉልታ ብትሄዱ ሯጮች ሲለማመዱ ታያላችሁ። ለዚያ ትኬት አይቆረጥም። በየሠፈራችሁም ለኳስ የሚሆን ሜዳ ቢከለል ልጆቻችሁ መዝናኛ አገኙ ማለት ነው።

እንግዲህ «መዝናናት የባለ ገንዘብ ነው» ለሚለው መልሳችን ምንድን ነው? ገንዘብ ያስፈልጋል፤ አንዋሽም። የታክሲ አለ፣ የመግቢያ አለ፣ የምሳ አለ። በየሳምንቱ አይሆንም። ነገር ግን ከመኸር በኋላ በዓመት አንድ ቀን፣ ከቤተሰብ ጋር ተመካክሮ፣ ስንቅ ቋጥሮ መሄድ ይቻላል። ለጠላና ለአረቄ በየገበያው ቀን የሚወጣው ቢቆጠር ከዚህ አይበልጥም? እናንተው አስሉት። ሚስትም ባልም ልጆችም አብረው ይሂዱ። ዕረፍት የአባወራ ብቻ አይደለም።

አሁን ወደ እኚያ ገበሬ እንመለስ። ከአዲስ አበባ እንደተመለሱ የማታ ትምህርት ገቡ። በመጀመሪያ እርሳሱ ከሞፈር ይልቅ ከበዳቸው። ሀ፣ ሁ አሉ። ስማቸውን ጻፉ። ሁለት ዓመት ተማሩ። ከዚያ ልጃቸውን፣ «ነይ፣ አንድ የቀረ ነገር አለን» አሏት።

ያው ሙዚየም ሄዱ። ያው ሣጥን ፊት ቆሙ። ሌባ ጣታቸውን ወደ ጽሑፉ ዘርግተው ቀስ ብለው፣ ቃል በቃል አነበቡላት። ከኋላቸው ሰው ተሰልፎ ይጠብቅ ነበር። አልቸኮሉም። ሲጨርሱ ልጅቱ፣ «አባዬ፣ ያን ጊዜ አጥንት ነው ይላል ብለኸኝ ነበር» አለች።

«ያን ጊዜ አላነበብኩትም ነበር» አሏት። «ዛሬ አነበብኩት።»

ውድ አድማጮቻችን፣ ሙዚየሙ የእናንተ ነው። ቴአትሩ፣ ስታዲየሙም የእናንተ ነው። በሩን የምትከፍቱበት ቁልፍ ደግሞ በእጃችሁ ገብቷል። እንዳይዝግ አንብቡበት።

አሁን እነዚህን ቃላት በደብተራችሁ ጻፉ፤ ድምፃችሁን ከፍ አድርጋችሁም አንብቡ።

መግቢያ። መውጫ። ትኬት። ታፔላ። ሙዚየም። ቴአትር። ስታዲየም። አዋሽ። ድንቅነሽ።

ከዚያ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ ጻፉ።

1. አዋሽ ከየት ይነሳል? የትስ ያልቃል?
2. ድንቅነሽ በስንት ዓመተ ምሕረት ተገኘች?
3. በ1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ ግብፅን ስንት ለስንት አሸነፈች?
4. በመጪው የዕረፍት ቀናችሁ የት መሄድ ትፈልጋላችሁ? ከማን ጋር?

ለአራተኛው ጥያቄ መልሱን የምታውቁት እናንተ ብቻ ናችሁ። ለቤተሰባችሁ አንብቡላቸው።