«እሳቸው» በእንግሊዝኛ ስንት ሰው ናቸው?

በማኅበራችን የዐሥረኛ ዓመት የአባላት ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር



የማኅበራችንን ዐሥረኛ ዓመት ምክንያት በማድረግ ስለ እንግሊዝኛ ቋንቋ ጥቂት ቃል እንድናሰማ በተጠየቅን ጊዜ፣ «በበዓል ቀን ሰዋስው ምን ያደርጋል?» ያሉን አልጠፉም። እውነታቸውን ነው። ነገር ግን እዚህ ብሩክሊን ፓርክ ወረቀት ይዘው «ይህን እዩልኝ» ብለው ወደ ማኅበሩ የመጡትን ሰዎች ጉዳይ መለስ ብለን ስናስበው፣ ሰውን ያደናቀፈው ከባዱ ቃል ሆኖ የተገኘው ጥቂት ጊዜ ነው። «ኢሚግሬሽን»ንና «ኢንሹራንስ»ን የማያውቅ የለም። የሚያደናቅፉት ትንንሾቹ ናቸው፤ ሂ፣ ሺ፣ ዘይ፣ ዩ፣ ሚ። በመሆኑም ዛሬ የምንነጋገረው ስለ ተውላጠ ስም ነው።

አንድ ምሳሌ እንውሰድ። አንድ የጥገኝነት አመልካች ስለ አባቱ ሲናገር፣ «አባቴ ማታ መጡ፤ እራታቸውን በልተው ተኙ፤ ሌሊት መጥተው ወሰዷቸው» ይላል። ይህን እዚህ አዳራሽ ውስጥ የማይረዳው የለም። ማታ የመጡት አባት አንድ ናቸው፤ ሌሊት የመጡት ብዙ ናቸው፤ ግሡ ግን ለሁለቱም «መጡ» ነው። በአማርኛ ክብርና ብዛት አንድ ልብስ ይለብሳሉ፤ እኛም የትኛው ክብር የትኛው ብዛት እንደሆነ ከነገሩ አካሄድ እንለያለን። ቃል በቃል ወደ እንግሊዝኛ ሲገባ ግን «ዘይ ኬም፣ ዘይ ኤት፣ ዘይ ስሌፕት፣ ዘይ ኬም ኤንድ ቱክ ዘም» ይሆናል። የሚያዳምጠው ሹም እራት የበሉትም ሰው የወሰዱትም እነዚያው ናቸው ብሎ ሊጽፍ ይችላል፤ የተወሰዱትም ስንት እንደሆኑ ግራ ይገባዋል። ከብዙ ወራት በኋላ ሌላ አስተርጓሚ አስተካክሎ «ሂ» ያለ እንደሆነ፣ በመዝገቡ ላይ ሁለት የማይገጥም ቃል ተገኘ ማለት ነው።

ይህ የቀለም ጨዋታ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የወጣው ሪያል አይዲ የተባለው ሕግ፣ በአመልካቹ ቃል ውስጥ የሚገኝን መለያየት ከአቤቱታው ዋና ነገር ጋር ባይገናኝም እንኳ፣ ዳኛው ሁኔታውን በጠቅላላ ተመልክቶ ለተአማኒነት መመዘኛ እንዲያደርገው ይፈቅዳል። አባቱን ያከበረ ሰው ዋሽቷል ሊባል ነው። መፍትሔው ታዲያ አባትን «አንተ» ማለት አይደለም። በአማርኛ እንደ ወጋችን እንናገር፤ ለአስተርጓሚው ግን ገና ሳይጀመር «እሳቸው የምለው አባቴን ብቻ ነው፤ ሌሎቹን ወታደሮቹ እያልሁ እጠራቸዋለሁ» ብሎ መንገር ነው። ስምን ደጋግሞ መጥራት ለአማርኛ ጆሮ ይከብዳል፤ በዚያ ክፍል ውስጥ ግን ይክበድ።

የ«እሳቸው» ሌላው ጠባይ ፆታ የሌለው መሆኑ ነው። ለእናትም ለአባትም እሳቸው ነው። በሐኪም ቤት በስልክ የሚቀርብ አስተርጓሚ በሽተኛውን አያይም፤ ልጅ አጠገባቸው ቆማ «እሳቸውን ወገባቸውን ያማቸዋል» ስትል፣ ሂ ይበል ሺ ይበል በምን ያውቃል? ብዙ ጊዜ መጠየቁን ያፍርና አንዱን ይመርጣል። ስለዚህ «በሽተኛዋ እናቴ ናቸው» ብሎ መጀመር ይበጃል። በተገላቢጦሹም አለ። ዶክተሩ ለሁሉም «ዩ» ይላል፤ ከዚያች አንዲት ቃል ውስጥ አንተን፣ አንቺን፣ እርስዎንና እናንተን መርጦ የሚያወጣው አስተርጓሚው ነው። ሰባ ዓመት ያለፋቸው አባት በስልክ «መቼ ነው የጀመረህ?» ሲባሉ ፊታቸው ይለወጣል፤ የሚቀየሙት ዶክተሩን ነው፤ ዶክተሩ ግን አንተም እርስዎም አላለም።

እዚህ ላይ ስለ «ዩ» ትንሽ ታሪክ ብንጨምር አይከፋም። እንግሊዞች ድሮ እንደኛው ነበሩ። ለአንድ ሰው «ዛው»፣ ለብዙ ሰው «ዬ» እና «ዩ» ይሉ ነበር። ከጊዜ በኋላ ትልቅን ሰው በብዙ ቁጥር መጥራት ልማድ ሆነ፤ ልክ እንደኛ። ሰው ሁሉ ደግሞ ከፍ ተደርጎ መጠራትን ስለሚወድ፣ ዩ ከጌታው ወደ ነጋዴው፣ ከነጋዴው ወደ ሎሌው እየወረደ በ17ኛው መቶ ዘመን «ዛው» ከተራው አነጋገር እየወጣ ሄደ። እንግዲህ «ፈረንጅ እርስዎ የለውም» የምንለው ነገር የተገላቢጦሽ ነው፤ የጠፋው አንተ ነው እንጂ እርስዎ አይደለም! ክዌከር የተባሉት የሃይማኖት ሰዎች ሰው ሁሉ እኩል ነው በማለት ለዳኛውም ለመኳንንቱም ዛው እያሉ ብዙ ቁጣ ተቀብለዋል። በ1611 የታተመው የኪንግ ጄምስ መጽሐፍ ቅዱስ እግዚአብሔርን «ዛው» ይለዋል፤ ዛሬ ይህን የሚያነብ ሰው የክብር ቃል ይመስለዋል። ቃሉ ግን አንተ ነው። እኛም በጸሎታችን አንተ እንላለን። ግዕዛችንም ዐሥር መራሕያን ሲኖሩት ለክብር ብቻ የተለየ አንድም የለውም። (ቁጥሩ ከበዓላችን ጋር መግጠሙ የአጋጣሚ ነው።)

ይህን ያነሣነው ስለ ልጆቻችን ነው። እዚህ የተወለደ ልጅ አያቱን «አንተ፣ ና ብላ» ሲል ባለጌ ሆኖ አይደለም፤ በእንግሊዝኛ የሚያውቀው አንድ በር ብቻ ስለሆነ በዚያው ይገባል። ተቆጥተን ዝም ስናሰኘው ደግሞ አማርኛውን ጭራሽ ይተወዋል። ከቁጣው ይልቅ «ይምጡ፣ ይቀመጡ፣ ይብሉ» የሚሉትን ሦስት ቃላት በማዕድ ላይ ማስለመድ ይሻላል፤ ሌላው ከዚያ ይከተላል። እንግሊዝኛውም ቢሆን አክብሮት የሌለው አይደለም፤ ቦታውን ለወጠ እንጂ። «ሰር» እና «ማም» አሉ፤ «ኩድ ዩ» እና «ውድ ዩ» አሉ። «ጊቭ ሚ ዘ ፎርም» የሚለው በአማርኛ «ስጠኝ» እንደማለት ነው፤ «ኩድ ዩ ጊቭ ሚ» ሲባል «ይስጡኝ» ይሆናል። «ሚስተር» ማለትም አለ፤ ምንም እንኳ ሚስተር ብለው የሚጠሩት አባታችንን ቢሆንም።

ወደ «አይ» እና «ሚ» እንለፍ። በአማርኛ «እኔ» መስተዋድድ ቢቀደምበትም መልኩ አይለወጥም፤ ለእኔ፣ ከእኔ፣ ስለ እኔ እንላለን። በእንግሊዝኛ ግን አይ የነበረው ከመስተዋድድ በኋላ ሚ ይሆናል፤ ፎር ሚ፣ ፍሮም ሚ። ብቻውን ሲሆን የሚሳሳት የለም፤ ጣጣው ሁለት ሰው ሲሆን ነው። «ዘ ሌተር ኢዝ ፎር ማይ ዋይፍ ኤንድ አይ» የሚል ብዙ ነው፤ አሜሪካኖቹም ጭምር። ታክሲ የምንነዳ ሰዎች ከኋላ ወንበር «ቢትዊን ዩ ኤንድ አይ» ሲባል የማንሰማበት ሳምንት የለም፤ የሚሉትም ከረባት ያሰሩት ናቸው። ምክንያቱ ሩቅ አይደለም። በልጅነታቸው «ሚ ኤንድ ጆን ዌንት» ሲሉ መምህሩ «ጆን ኤንድ አይ» እያለ ስላረማቸው፣ አይ በየትም ቦታ የጨዋ ቃል መስሎ ቀረባቸው። መለያው ቀላል ነው፤ ሌላውን ሰው ከዐረፍተ ነገሩ አውጡት። «ዘ ሌተር ኢዝ ፎር አይ» የሚል የለም፤ እንግዲያው «ፎር ማይ ዋይፍ ኤንድ ሚ» ነው። «ሂ» እና «ሂም»፣ «ሺ» እና «ሄር» በዚሁ ይለያሉ። በቅደም ተከተሉ ብቻ እንለያያለን፤ እኛ «እኔና ባለቤቴ» ስንል ነውር የለበትም፤ እነሱ ዘንድ ራስን ማስቀደም እንደ ትዕቢት ይታያል።

«ማነው?» ሲባል «እኔ ነኝ» የምንለውን «ኢት ኢዝ አይ» ማለት ይገባል የሚሉ የጥንት ሰዋስው ጸሐፊዎች ነበሩ፤ ላቲንን እያዩ። አገር ቤት በፈተና ላይ ይህንኑ ያከበበ ሁሉ ነጥብ ያገኝ ነበር። እዚህ በር አንኳኩቶ እንዲህ የሚል ሰው ግን ያስቃል፤ «ኢትስ ሚ» በቂ ነው። በስልክ ስማችን ተጠርቶ ስንፈለግ «ዚስ ኢዝ ሂ» ወይም «ዚስ ኢዝ ሺ» ማለት ግን በየቢሮው የተለመደ ነው።

ስለ ግዑዝ ነገር ብዙ አንልም። ለእኛ ፀሐይም መኪናም ክኒንም «እሷ» ልትሆን ትችላለች፤ ለእነሱ «ኢት» ነው። ፋርማሲ ገብቶ «ሺ ሜክስ ሚ ስሊፒ» የሚል ሰው፣ ማናት ብለው ቢጠይቁት አይደነቅ።

«ዘይ» ግን ሌላ ጣጣ አለው። እንግሊዝኛ ማንነቱ ላልታወቀ አንድ ሰውም ዘይ ይላል፤ «ሳምዋን ሌፍት ዜር ባግ» ሲባል ቦርሳውን የረሳው አንድ ሰው ነው፤ ይህም ከብዙ መቶ ዓመት ጀምሮ ያለ ነው። አሁን ደግሞ ወንድ ወይም ሴት ተብለው መጠራት የማይፈልጉ ሰዎች ለራሳቸው ይዘውታል፤ ሜሪያም ዌብስተር የተባለው መዝገበ ቃላት በ2019 የዓመቱ ቃል ብሎ የመረጠው ይህንኑ ነው። በልጆቻችን ትምህርት ቤት ሲያጋጥመን ሰውየው እንደጠየቀ መጥራት ነው። ለአንድ ሰው የብዙ ቁጥር መስጠት መቼም ለእኛ እንግዳ ነገር አይደለም።

በመጨረሻ ስለ አስተርጓሚ የሚከተለውን ልብ እንበል። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሐኪም ቤት፣ እ.ኤ.አ. በ1964 ከወጣው የሲቪል መብቶች ሕግ ጀምሮ በሚወርድ ግዴታ፣ አስተርጓሚ ያለ ክፍያ ማቅረብ አለበት። ድንገተኛ አደጋ ካልሆነ በቀርም የዐሥር ዓመት ልጃችንን አስተርጓሚ ሊያደርግብን አይገባም፤ ልጁ «እሳቸው»ን «ሂ» ይበል «ዘይ» ይበል ገና አልለየም። በኢሚግሬሽን ፍርድ ቤት አስተርጓሚውን የሚያቀርበው ፍርድ ቤቱ ነው፤ በጥገኝነት ቢሮ ቃለ መጠይቅ ግን አመልካቹ ራሱ ይዞ መቅረብ ይኖርበታል፤ ስለዚህ ከቀኑ በፊት አብሮ ተቀምጦ ማን «እሳቸው»፣ ማን «እነሱ» እንደሆነ መነጋገር ይቻላል። እንግሊዝኛውን ከሥሩ መማር ለሚሻ፣ እዚሁ 85ኛ ጎዳና ላይ ኖርዝ ሄነፒን ኮሙኒቲ ኮሌጅ አለ፤ ለብዙዎቻችን ከቤታችን በመኪና ሩቅ አይደለም።

ቀጠሮ የተቃረበባችሁና ቃላችሁ አስቀድሞ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ካለ፣ ወረቀቱን ይዛችሁ ከቡናው በኋላ በስተግራ ወዳለው ጠረጴዛ ኑ፤ ዘይ የተባለበትን ቦታ ሁሉ አብረን እያሰመርን እናያለን።